የአብሽሪ ዋስ

የወሎውን ሐይቅ አይታችሁ የማታውቁ፣ ለማየትም አሳብ የሌላችሁ ወገኖቼ፣ አትቆጩ። እኔ ሄጄ፣ ዳርቻው አድሬ፣ ዓሣውን በልቼ ተመልሻለሁ፤ ሐይቁን ግን በቅጡ አላየሁትም። ያየሁት ፍየል ነው። የውሃውን ሰማያዊነትና የገዳሙን ጥንታዊነት የሚፈልግ ፎቶግራፍ ይፈልግ። ስለ ፍየሏ ግን ከእኔ የሚበልጥ ምስክር አታገኙም፤ በሽማግሌ ፊት የታሰርኩባት ሰው ነኝ።

በመጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ። እንጀራዬ ለልጆች መጻፍ ነው። ከ«ሀ ሁ» ወጥተው ምዕራፍ ወዳለው መጽሐፍ ለሚሻገሩት፣ ስለ አንዲት ባለጌ ጦጣ እጽፋለሁ። ስሟ ቀልቃሊት ነው። በየምዕራፉ አንድ ነገር ትሰርቃለች፣ አንድ ትልቅ ሰው ታሞኛለች፣ ዛፍ ላይ ወጥታ ትስቃለች። ልጆች በሳቅ ይሞታሉ። አሳታሚዬ ግን ከሳቅ ጋር የቆየ ቂም አለው። «መጨረሻው ላይ ትጸጸት። ልጆቻችን ምን ይማራሉ?» አለኝ። እኔም ሆድ አለኝና አስጸጸትኳት። በመጨረሻው ገጽ ቀልቃሊት እንባዋን እየጠረገች ሙዙን ለባለቤቱ ትመልሳለች። ጦጣ! ሙዝ! ስትመልስ! አገር ያቃጠለ ሁሉ ክራባቱን አስተካክሎ በቴሌቪዥን በሚስቅበት ዘመን፣ በኢትዮጵያ ምድር ጥፋቷን አምና ይቅርታ የጠየቀች የእኔ ጦጣ ብቻ ናት።

ጦርነቱ አብቅቶ መንገዱ በተከፈተ ሰሞን ከሐይቅ ከተማ አንድ መምህር ደወለልኝ። ሰይድ ይባላል። የትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት በጦርነቱ እንዳልነበረ ሆኗል፤ መጽሐፉ ለማገዶ፣ ወንበሩ ለማገዶ፣ በሩም ለማገዶ። «መደርደሪያው ግን ተርፏል» አለኝ፤ «ብረት ስለሆነ አልነድ ብሏቸው ነው።» መጽሐፍ ይዤ እንድመጣ፣ ለልጆቹም እንዳነብላቸው ለመነኝ። አንድ ካርቶን ሞላሁና ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ ያሳፈረኝ አውቶብስ ከኖኅ መርከብ በተረፈ እንጨት የተሠራ ነው። ከእኔ ጎን የተቀመጡት ሴትዮ ደብረ ብርሃን ሳንደርስ የሕይወት ታሪካቸውን ጨርሰው የእኔን ጀምረውልኝ ነበር። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፤ ቆሎው ከአዲስ አበባው ቆሎ የሚለየው ሲነከስ ጥርስ አለመስበሩ ነው።

ከዚያ ወዲያ ኬላ ነው። እኛ ሰፈር በየመቶ ሜትሩ ቡና ቤት እንዳለው፣ እዚያ በየመቶ ሜትሩ ገመድ የያዘ ወታደር አለ። በአንዱ ላይ ሁላችንንም አስወርደው ዕቃ ሲፈትሹ አንድ ጎረምሳ ወታደር ካርቶኔ ዘንድ ቆመ።

«የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ምንድን ነው፣ አባት?»

አባት ያለኝን ይቅር አልኩት። ከአቧራው ነው፤ ጸጉሬን ነጭ አድርጎብኛል። «የልጆች መጽሐፍ ነው። ስለ ጦጣ» አልኩት።

አንዱን አወጣና ገለጥ ገለጥ አደረገ። ፊቱ ከበደ።

«ጦጣዋ ማን ናት?»

«ጦጣ ናት።»

«እሱማ ገባኝ። ግን ማንን ነው?»

«ማንንም አይደለም። ሙዝ የምትሰርቅ ጦጣ ናት።»

«ጅቡስ?»

«ጅቡም ጅብ ነው።»

ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረ አንድ ተሳፋሪ አንገቱን አስግጎ ሥዕሉን አየና «ጅቡማ ግልጽ ነው!» ብሎ ነገሩን አባሰው። እንግዲህ ለውጥ መጣ ከተባለ ወዲህ በዚህ አገር እንስሳ እንስሳ መሆኑ ቀርቷል። ላም ብትጽፍ ማንን ነው፣ አይጥ ብትጽፍ እነማንን ነው። ወታደሩ ምዕራፍ አንድን ቆሞ አነበበ። አውቶብሱ ሙሉ ሰው እሱን ጠበቀ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ሂዱ» አለን። «ይቺን አንዷን ግን ለምርመራ አስቀርቻታለሁ።»

ደሴ ስንገባ ጀንበር ጠልቃለች። ያደርኩበት ሆቴል መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ፕላስቲክ ተወጥሮበታል፣ ንፋስ ሲመጣ እንደ ከበሮ ይመታል። ባለቤቱን ብጠይቀው፣ «አብሽር ጋሼ፤ መስታወቱ በጦርነቱ ሄደ፤ አየሩ ግን አልሄደም» አለኝ። አብሽር ማለት አይዞህ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ነው ቤት ያለውን አብሽር የሚለው። እኛ ዘንድ መብራት ግማሽ ቀን ሲጠፋ ሙሾ እናወርዳለን።

ረቡዕ

ከደሴ ሐይቅ ቅርብ ነው። ሚኒባሱ ግን ቅርብ መሆኑን አያውቅም። ሹፌሩ የአምባሰልን ዜማ ከፍቶ፣ መሪውን በአንድ ጣት ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳል። እንዲህ ያለ ዜማ በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ቢከፈት ተሳፋሪው በሙሉ ሳይከፍል ወርዶ ትውልድ አገሩ ይገባል።

ሰይድ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ካርቶኑን ከእጄ ነጥቆ ትከሻው ላይ የሚያወጣ ሰው። «መርሐባ ጋሼ! ሐይቁን ታያለህ ወይስ ልጆቹን?» አለኝ። ልጆቹን አልኩት። ሐይቁ የትም አይሄድም ብዬ ነበር።

በሌለው በር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባን። ብረቱ መደርደሪያ ባዶውን ቆሟል። ልጆቹ መሬት ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው አነበብኩላቸው። ጦጣዋ የፖሊሱን ቆብ ስትሰርቅ ጣራው ተነሣ። ጅቡ ጉድጓድ ሲገባ አንዷ ሽንቷ አመለጣት። እኔም እያበጥኩ፣ ድምፄን እየቀያየርኩ የመጨረሻው ገጽ ደረስኩ፤ ቀልቃሊት አለቀሰች፣ ሙዙን መለሰች። ዝም። የለቅሶ ቤት ዝምታ።

አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጇን አወጣች።

«ውሸት ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ጦጣ አትመልስም። አብሽሪ እንኳ መልሳ አታውቅም።»

ስሙ ሲነሣ ክፍሉ ተበጠበጠ። «አብሽሪ! አብሽሪ!» እያሉ ይንፈራፈራሉ። ለእኔ ጦጣ እንዲህ አልሳቁም። ማን ናት ብዬ ሰይድን ጠየቅኩት፤ አንገቱን ደፋ።

«ፍየል ናት» አለኝ። «የወይዘሮ ዘነቡ ፍየል። እኔም ዋሷ ነበርኩ።»

ዋስ የሚለውን ሳልጠይቀው ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ልጆቹ በር የሌለው ቤት ያለውን ጥቅም እያሳዩ ባንድ ጊዜ ወጡ። ተከትለን ወደ ዳርቻው ወረድን።

አንድ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ፣ ጋሽ ሙሄ ይባላሉ፣ አንዲት ነጭና ጥቁር ፍየል ከዋርካ ሥር አስረው ቆመዋል። ከፊታቸው የጥቅል ጎመን መደብ አለ፤ ነበር ልበል። ችግኙ ከመሬት እኩል ተላጭቷል። ፍየሏ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ አፏ ጥግ ላይ አንዲት ቅጠል እንደ ሲጋራ አጋድማ፣ ሰው ሁሉ ለምን እንደመጣ እንዳልገባት ሰው ታያለች። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ስጽፈው የኖርኩት ፊት ነው።

«ጀልባዬ ሄደ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ» ይላሉ ጋሽ ሙሄ ለተሰበሰበው ሰው። «መረቤ ሄደ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከጦርነት ወዲህ ይሄ የመጀመሪያ ተከላዬ ነው፤ ይሄን ደግሞ ፍየል ትብላው? እስቲ አሁን ምን ልበል?»

ወይዘሮ ዘነቡ ነጠላቸው እየተጎተተ ሮጠው ደረሱ። «ጋሽ ሙሄ፣ አፈር ስሆን! አርግዛለች እኮ!»

«ማርገዟን አየሁ። የሁለቱን ድርሻ ነው የበላችው!»

ሰይድ ደንቡን ወደ ቤት ስንሄድ አስረዳኝ። እዚያ ሰፈር የሰው ማሳ የገባች እንስሳ ትታሰራለች፤ ባለቤቷ ዋስ ጠርቶ ይወስዳታል። ደግማ ካጠፋች ያ ዋስ ወድቋል፤ ሁለተኛ አይቆምም፤ አዲስ ሰው መፈለግ ነው። ዋስ የታጣላት እንስሳ ታርዳ ወይ ተሸጣ ለተበዳዩ ካሳ ትሆናለች። የአብሽሪ የመጀመሪያ ዋስ ጎረቤት ነበር፤ በሳምንቱ ከገመድ ላይ የገዛ ራሱን ጋቢ በላችበት። ቀጥሎ ሰይድ ቆመ።

«አንተንስ ምን አደረገችህ?»

«የትምህርት ቤቱን የሰንደቅ ዓላማ ገመድ በላች። ባንዲራው መውረድ አቅቶት እዚያው አደረ። በማግሥቱ ከወረዳ መጥተው «ምን ለማለት ፈልጋችሁ ነው?» አሉን።»

«ምን አላችሁ?»

«ፍየል ናት አልን። «ፍየሏ ማን ናት?» አሉን።»

በዚያ ቀን ከሰይድ ጋር ወንድማማች ሆንን።

ሚስቱ ሀዋ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችን። ሳህኑን ካስቀመጠች በኋላ ደነገጠች፤ «ውይ! ረቡዕ ነው ለካ፣ ትጾም ይሆን?» ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እኛ ሰፈር ሊቃውንት በቡጢ ነው የሚጨርሱት። እኔ ሳልመልስላት እሷ ለብቻው ድስት የሠራችውን ሽሮ አምጥታ ጎኑ አኖረችው። «ኅሊናህ ያለህን ብላ» አለችኝ። ኅሊናዬ ሁለቱንም አለኝ።

ሐሙስ

ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። በዚያም ትምህርት ቤት እንዳነብ ቀጠሮ ስለነበረኝ ከሰይድ ጋር ተነሣን። ወይዘሮ ዘነቡም አብረውን ተሳፈሩ፤ ወንድማቸው አያሌው ውጫሌ ነጋዴ ነው፣ ዋስ እንዲሆናቸው ሊለምኑት ነው። ሽማግሌዎቹ ለዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቀጥረዋል። ዋስ ካልያዙ አብሽሪ አለቀላት።

ሚኒባሱ አቀበቱ ላይ ትንፋሽ አጠረውና ወርደን ገፋነው። እኔ ከኋላ፣ የጭስ ማውጫው ፊት ለፊት ተመድቤ ነበር። ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ እኔን አይቶ ሳቀ፤ ከጥርሴ በቀር ከፊቴ የቀረ ነጭ ነገር የለም። አንዲት የማላውቃት ሴት ከሻሿ ጫፍ በውሃ አርሳ ጠረገችኝ፤ «አብሽር፣ የኔ ወንድም፣ መልክህ ተመለሰ» አለችኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ፎቶ ያነሡኝ ነበር።

የትምህርት ቤቱን አጭር ላድርገው። ልጆቹ ሳቁ፤ መጨረሻው ላይ ዝም አሉ፤ አንዱ «ሙዙ በስብሶባት ነው የመለሰችው?» ብሎ ጠየቀኝ። አሳታሚዬን በልቤ ረገምኩት።

አያሌው ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ሆድ፣ ሰፊ ልብ ያለው ሰው ነው። እህቱን ሲያይ ሱቁን ዘጋ። አስቀመጠን፣ አስታጠበን፣ አበላን፤ «በሞቴ» ሲል ጎረስኩ፣ «በእሷ ሞት» ሲል ጎረስኩ፣ የማላውቃት አክስቱ ሞት ሲመጣ ቀበቶዬን ፈታሁ። ሰው እንዲህ ካበላ ዋስ መሆን ምን ያቅተዋል ብዬ ተማመንኩ።

ወይዘሮ ዘነቡ ጉዳዩን ጀመሩ። ገና «አብሽሪ» ሲሉ አያሌው እጁን ከመሶቡ አነሣ።

«እህቴ፣ ለአንቺ ነፍሴን እሰጣለሁ። ለእሷ ጥፍሬን አልሰጥም።»

«አሁን ጨዋ ሆናለች...»

«ጨዋ? ገና ግልገል ሳለች አይደል የልጄን የሠርግ ዳስ የበላችው? ቅጠሉን በላች፤ ቅጠሉ ሲያልቅ ማሰሪያውን በላች፤ ዳሱ ሙሽሮቹ ላይ ወረደ! አማቼ እስከ ዛሬ ባርኔጣ ሳያደርግ ቤቴ አይገባም!»

ውጫሌ በአንድ ውል ምክንያት ታሪክ ውስጥ የገባች ከተማ ናት። እኛ ግን አንድ ዋስ አጥተንባት ወጣን። አያሌው እስከ መናኸሪያው ሸኘን፤ ለእህቱ ጤፍ ጫነላቸው፣ ጉንጫቸውን ስሞ አለቀሰ፤ ዋስ ግን አልሆነም።

ስንመለስ ወይዘሮ ዘነቡ መስኮት ዳር ተቀመጡ። ውጭውን እያዩ ተናገሩ፤ ለእኔ ይሁን ለተራራው አላውቅም።

«ሸሽቼ ስመለስ በሬው የለ፣ ላሟ የለች፣ ዶሮ የለ። በሩም የለ። እሷ ብቻ ጣራው ላይ ቆማ ሣሩን ትበላለች። ደጃፍ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ጎረቤቶቼ አብሽሪ፣ አብሽሪ ይሉኛል፤ እሷ ከላይ እሜ ትላለች። እኔን ሲጠሩ እሷ አቤት ስትል ስሟ ሆኖ ቀረ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አጥፊ ናት፤ አላበልም። ግን ቆማ ጠበቀችኝ። ከወለደችልኝ እንደገና ቤት እሆናለሁ።»

ጤፋቸውን ተቀብዬ ጭኔ ላይ አደረግኩ። ይሄ በዓመት አንዴ ይደርስብኛል።

ዓርብ

ጠዋት ገዳሙን አየሁ። ቆንጆ ነው። ወደ ፍየሏ ልመለስ።

ከጁምዓ በኋላ ዋርካው ሥር ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ዳኞቹ ሁለት ናቸው፤ ሸህ ይማምና ቄስ ደምሴ። በየደሙ፣ በየድንበሩ፣ በየፍየሉ አብረው ሲቀመጡ ያረጁ ናቸው፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሸህ ይማም ዱዓ አደረጉ፣ ቄስ ደምሴ መረቁ፣ ሁላችንም አሚን፣ አሜን አልን። አብሽሪ ቆማ የሸህ ይማምን ዱላ ጫፍ ታኝካለች።

ጋሽ ሙሄ በደላቸውን ተናገሩ። ወይዘሮ ዘነቡ ጥፋቱን አመኑ። ዳኞቹ መደቡን ሄደው አዩ፣ ተመለሱ።

«ዘነቡ፣ ዋስሽ ማነው?» አሉ ሸህ ይማም።

ወይዘሮ ዘነቡ ዙሪያቸውን አዩ። ጎረቤት መሬት አየ። ሰይድ ሰማይ አየ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሐኪም ፊት፣ ዝም ሲባል አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እጄን አወጣሁና «እኔ አለሁ!» አልኩ፤ ይስቃሉ ብዬ።

አንድም ሰው አልሳቀ። በአዲስ አበባ ቃል ስትሰጥ ሰው «እሺ ይሁን» ብሎ ይረሳሃል። እዚያ ቃል ከአፍህ ሲወጣ ቆመው ይቀበሉታል። ሸህ ይማም ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሴ መዘኑኝ።

«ቅረብ፣ ልጄ። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ደራሲ ነኝ።»

«ምን ትደርሳለህ?»

«ስለማይኖሩ እንስሳት የማይሆን ነገር እጽፋለሁ።»

ጋሽ ሙሄ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «አልቀበለውም! ይሄን ሰው አልቀበለውም! የልጅ ልጄ መጽሐፉን አንብባልኛለች። ጦጣዋ የአንዱን ምስኪን ሽማግሌ ሙዝ ሰርቃ ሽማግሌው ሲያለቅስ ይሄ ሰው ይስቃል! ልጆቹንም ያስቃል! ሸህዬ፣ ይሄ እኮ የሌባ ወገን ነው። የሌባ ወገን ለሌባ ዋስ ይሆናል?»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ተተችቻለሁ፤ እንዲህ እውነት በሆነ ትችት ግን ተመትቼ አላውቅም። ሽማግሌው ሙዙን እንዴት እንዳበቀለው አንድ መስመር አልጻፍኩም። ጎመኑ መደብ ላይ የጋሽ ሙሄ የጣት ምልክት በየጉድጓዱ ይታያል።

ቄስ ደምሴ ጢማቸውን ዳሰሱ። «መጨረሻው ላይ ጦጣዋ ምን ትሆናለች?»

«ትጸጸታለች፣ አባቴ። ሙዙንም ትመልሳለች።»

«እሱስ ውሸት ነው» አሉ ቄሱ።

«ዐይን ያወጣ» አሉ ሸሁ።

«የልጅ ልጄም ውሸት ነው ብላለች» አሉ ጋሽ ሙሄ። ከዚያ ያቺ ጥርሷ የወለቀ ልጅ የማን እንደሆነች ገባኝ። ሦስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ በዚያ ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«ታዲያ አንተ» አሉኝ ሸህ ይማም፣ ዱላቸውን ከአብሽሪ አፍ እያላቀቁ፣ «ይቺም ትጸጸታለች ብለህ ነው ዋስ የምትሆናት?»

ወይዘሮ ዘነቡን አየኋቸው። ነጠላቸውን በሁለት እጅ ጨብጠዋል። አሁን ቀልድ የለም።

«የለም፣ ሸህዬ» አልኩ። «ደግማ ታጠፋለች።»

ሰፈሩ አጉረመረመ።

«ይቺ ፍየል አጥር እስካለ ድረስ ትሾልካለች፤ እኔ እንዲህ ያለ ፊት ስጽፍ ነው የኖርኩት። የማታጠፋ ብትሆን ዋስ ምን ይሠራላታል? ደግማ እንደምታጠፋ ስለማውቅ ነው ዋስ የምሆናት። ስታጠፋ ጥሩኝ፤ ከአዲስ አበባ መጥቼ ጋሽ ሙሄ ፊት እቆማለሁ።»

ዳኞቹ አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። አብሽሪ በዚህ መሐል የቄስ ደምሴን ጭራ መያዣ ቀመሰችና አልጣማትም።

«መጽሐፉ ይዋሻል» አሉ ሸህ ይማም ቀና ብለው፤ «ሰውየው ግን ፍየል ያውቃል። ሙሄ፣ ምን ትላለህ?»

ጋሽ ሙሄ ዞር አሉ። መደባቸውን አዩ፣ የፍየሏን ሆድ አዩ፣ ወይዘሮ ዘነቡን አዩ። «በቃሉ ብቻ አልቀበለውም» አሉ። «መጀመሪያ ይትከል። ለበላችው ዋሱ በእጁ ይትከል። ያኔ የሌባ ወገን ይሁን የገበሬ ወገን እለያለሁ።»

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። አብሽሪ አጥር ሾልካ እንዳታልፍ ሦስት ዱላ በሦስት ማዕዘን ታስሮ አንገቷ ላይ ይግባ። ወይዘሮ ዘነቡ ጎመኑ እስኪደርስ ውሃ በማጠጣት ይርዱ። ዋሱ ደግሞ ችግኙን ይተካ፣ በተጠራም ጊዜ ይምጣ።

ያን ከሰዓት በኋላ ወገቤ የት እንዳለ አወቅኩ፤ እስከዚያ ቀን በመኖሩም እርግጠኛ አልነበርኩም። ጋሽ ሙሄ ከላዬ ቆመው አይተው አይተው፣

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየተከልኩ።»

«ቅጠሉ የታለ? ይሄ ተከላ ነው ወይስ ቀብር? ፋቲሓ ልቅራበት?»

ያወጡትና መልሰው ይተክሉታል፤ አሥር ስተክል ዘጠኙን እሳቸው ነው የተከሉት። ያቺ ጥርሷ የወለቀ የልጅ ልጃቸው በባልዲ ውሃ እያመጣች ትስቅብናለች። የመጨረሻዋን ችግኝ ሳይነኩልኝ ተዉልኝ። «ይቺ እንኳ ትኖራለች» አሉ፤ በዚያ አፍ ይሄ ምርቃት ነው። ከዚያ ቤታቸው ወሰዱኝ፤ ከጎረቤት ተበድረው የጠበሱትን ዓሣ አቀረቡልኝ። ሲያጎርሱኝ ደግሞ «ብላ፣ የሌባ ወገን» ይላሉ።

ሐይቁን ያየሁት ያኔ ነው፤ ከደጃፋቸው፣ ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤ ስላልቃና። ከውሃው ይልቅ ዳር ዳሩን ነው ያየሁት። የሚታይ ጀልባ አልነበረም።

ቅዳሜ

ሀዋ ለመንገድ ዳቦ ቋጠረችልኝ። ወይዘሮ ዘነቡ ሊሸኙኝ ሲመጡ አብሽሪን ይዘው መጡ። ሦስት ዱላ አንገቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ አዲስ ተሿሚ በመሀል መንገድ ትራመዳለች። «ዋስሽን ተሰናበቺ» አሏት። የሸሚዜን እጅጌ ቁልፍ በጥሳ ዋጠች።

ያ ወታደር ያው ኬላ ላይ ነበር። ዐወቀኝ፤ አውቶብሱን አስቆሞ ወደ መስኮቴ መጣ።

«አባት፣ ጨረስኩት። ጦጣዋ ለምን ተጸጸተች?»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አስገድደዋት ነው?»

«አዎ» አልኩት።

«ጠርጥሬ ነበር» አለና ገመዱን ለቀቀልን።

አዲስ አበባ እንደገባሁ የመጨረሻውን ገጽ ቀደድኩት። አዲሱ ሁለት ነገር አለው፤ ሽማግሌው ሙዙን እንዴት እንደተከለ፣ በየጉድጓዱ ጣቱን እያስገባ፤ ከዚያም ቀልቃሊት ከዛፍ ላይ ሆና አዲሱን ተከላ ስታይ። አሳታሚዬ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? ልጆቻችን ምን ይማራሉ?» አለኝ። ዋስ መያዝ ይማራሉ አልኩት። እስካሁን እያሰበበት ነው።

ሰሞኑን ሰይድ ደወለ። ሐይቅ ላይ ስሜ ቀርቷል፤ ዋሱ ነው የምባለው።

«ዋሱ! እንኳን ደስ አለህ! አብሽሪ ወለደች። መንታ!»

ጮኽኩ። የሚስቴን ትከሻ ይዤ ጨፈርኩ። «ወይዘሮ ዘነቡስ?»

«እልል ብለው ሰፈሩን ቀሰቀሱት። እንገር ልከውልናል። የጋሽ ሙሄ ጎመንም ደርሷል፤ ያቺ አንተ የተከልካት እንኳ ትንሽ ጠመም ብላ ጠቅልላለች። ግን አንድ ነገር... ሽማግሌዎቹ ትናንት ተቀምጠው ነበር።»

«ለምን?»

«ዋስትናው ለልጆቿም ይጸናል ወይስ አይጸናም ብለው ሊመክሩ። ያስቀመጧቸው ጋሽ ሙሄ ናቸው።»

«እና?»

«ይጸናል ተባለ።»

«ሰይድ! ገና ጡት ላይ ያሉ ግልገሎች ምን አጠፉ?»

«ምንም አላጠፉም» አለኝ። «ወንዱ ግን ዛሬ ጠዋት ቆሞ አጥሩን ሲያይ ታይቷል።»